ሁለት ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏችኋል፤ ለፕሪሜድ የትኛው ይሻላል?

አሜሪካ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መልስ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ድረስ ተጠቃሎ ይገባል፤ አብዛኞቹ ግቢዎች ውሳኔ የሚጠይቁት ሜይ 1 ነው። በመካከሉ ያለው አንድ ወር ብቻ ነው። ይህ መመሪያ በዚያ ወር ሁለት የመቀበያ ደብዳቤ ይዘው ለሚያመነቱ፣ ወደፊት ሕክምና ለመማር ለሚያስቡ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የተጻፈ ነው።

ፕሪሜድ በአብዛኛው ግቢ ራሱን የቻለ ሜጀር አይደለም። የፈለጉትን ሜጀር እየተማሩ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚጠይቋቸውን ኮርሶች ጎን ለጎን መጨረስ ነው፦ ባዮሎጂ፣ ጀነራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ እያንዳንዳቸው አንድ ዓመት ከነላባቸው፣ ባዮኬሚስትሪ አንድ ሴሚስተር፣ እንግሊዝኛ፣ ስታቲስቲክስ፤ የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ለሆነው ለኤምካት ፈተና ደግሞ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ። እነዚህን የማይሰጥ የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ «ጥሩ ፕሪሜድ አለው» የሚለው ወሬ ብቻውን ውሃ አያነሳም። መጠየቅ ያለበት ከሁለቱ ግቢዎች በየትኛው ከፍ ያለ የሳይንስ ጂፒኤ፣ አነስተኛ ዕዳና በስም የሚያውቃችሁ ፕሮፌሰር ይዛችሁ እንደምትወጡ ነው።

የግቢው ስም ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ግን በየማኅበሩ ከሚወራለት እጅግ ያንሳል። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ ሲያጣሩ ጂፒኤና ኤምካት ይቀድማሉ። በቅርብ ዓመታት ወደ ኤም.ዲ. (የሕክምና ዶክተር) ፕሮግራም የገቡ ተማሪዎች አማካይ ጂፒኤ ለ3.8 የተጠጋ፣ አማካይ የኤምካት ውጤታቸው ከ528 ውስጥ 511 እና 512 አካባቢ ነው። በስመ ጥር ግቢ የመጣ 3.3፣ በሰፈር ዩኒቨርሲቲ ከመጣ 3.8 ጋር ሲወዳደር ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል።

ገንዘቡን በአራት ዓመት አስሉት

የሁለቱንም የፋይናንሺያል ኤይድ ደብዳቤ ጎን ለጎን ዘርጉ። ቅርጻቸው አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ ብድሩን ከግራንቱ ጋር ደምሮ «ጠቅላላ ድጋፍ» ብሎ ይጽፋል። በእርሳስ ለዩት። ግራንትና ስኮላርሺፕ የማይመለስ ገንዘብ ነው። «ሰብሲዳይዝድ»፣ «አንሰብሲዳይዝድ» ወይም «ፓረንት ፕላስ» የሚል ካለበት ብድር ነው። ወርክ ስተዲ ሠርታችሁ በየሁለት ሳምንቱ የምትቀበሉት ደመወዝ እንጂ ከሂሳቡ ላይ የሚቀነስ አይደለም። እንግዲህ ከጠቅላላው ወጪ፣ ማለትም ከትምህርቱ፣ ከማደሪያው፣ ከምግቡ፣ ከመጽሐፉ፣ ከመጓጓዣውና ከጤና ኢንሹራንሱ ድምር ላይ፣ ግራንትና ስኮላርሺፑን ብቻ ቀንሱ። የቀረው ቤተሰቡ የሚሸከመው ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ዓመት በአራት አባዝቶ ያበቃል። ክፍያው ግን በየዓመቱ ይጨምራል፤ ስኮላርሺፑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆማል። ለምሳሌ «ሀ» የግል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የዓመት ወጪው 88,000 ዶላር፣ ስኮላርሺፑ 45,000 ነው እንበል። «ለ» የስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ወጪው 32,000፣ ስኮላርሺፑ 14,000። የመጀመሪያው ዓመት ልዩነት 25,000 ነው፤ በአራት ቢባዛ 100,000። ወጪው በየዓመቱ 4 በመቶ ቢጨምርና ስኮላርሺፑ ባይነቃነቅ ግን «ሀ» በአራት ዓመት 193,700 ገደማ፣ «ለ» 79,900 ገደማ ያስከፍላሉ። ልዩነቱ ወደ 114,000 ከፍ አለ ማለት ነው። በ«ሀ» አራተኛው ዓመት ላይ ቤተሰቡ የሚጠየቀው 43,000 መሆኑ ቀርቶ 54,000 ይሆናል።

ከየት ይመጣል? በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 7,500 ዶላር ነው፤ ድምሩ 27,000። ወላጅ በራሱ ስም የሚበደረው ፓረንት ፕላስ በአዲስ የፌዴራል ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች በዓመት 20,000፣ ለአንድ ተማሪ በጠቅላላው 65,000 ዶላር ላይ ተገድቧል። ሁለቱ ቢደመሩ 92,000 ነው። ለ«ሀ» የጎደለው ከ100,000 በላይ በካሽ ካልተከፈለ ወላጅ በዋስነት የሚፈርምበት የግል ባንክ ብድር ይሆናል።

ሌላም አለ። ያው ሕግ ግራድ ፕላስ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ብድር ለአዲስ ተበዳሪዎች ዘግቶታል። ከዚህ በኋላ የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የሚያገኘው በዓመት እስከ 50,000፣ በድምሩ እስከ 200,000 ዶላር ነው። በብዙ የግል ሕክምና ትምህርት ቤቶች የአራት ዓመቱ ወጪ ከ300,000 ይበልጣል። ዛሬ በባችለር ላይ የሚድን እያንዳንዱ ሺህ ዶላር ያን ጊዜ ክፍተት መድፈኛ ነው።

ስኮላርሺፑ በምን ሁኔታ እንደሚታደስም አንብቡ። አንዳንዱ 3.0፣ አንዳንዱ 3.5 ጂፒኤ ይጠይቃል። ኬሚስትሪና ካልኩለስ በአንድ ሴሚስተር ለሚወስድ ጀማሪ 3.5 ቀላል አይደለም። ጂፒኤው አንድ ጊዜ ቢወርድ ማስጠንቀቂያና አንድ ተጨማሪ ሴሚስተር ይሰጣሉ ወይስ ወዲያው ይቆርጣሉ? መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ፤ በስልክ የተባለ ነገር ኋላ ማስረጃ አይሆንም።

የዋጋው ጽሑፍ ብቻ አስፈርቷችሁ ውድ የሚመስለውን እንዳትጥሉት ደግሞ። ሀብታም የግል ዩኒቨርሲቲዎች ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ የተረጋገጠ ፍላጎቱን ሙሉ በሙሉ በግራንት ሊሸፍኑ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ከስቴት ዩኒቨርሲቲ ረክሰው ይገኛሉ። ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ የነርስ ረዳት ይህ በቀጥታ ይመለከታታል።

ድጋፉ ካነሰ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል ድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን የታክስ ገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ አባት ታክሲ ወይም ኡበር መንዳት ካቆመ፣ ሰዓቱ ከተቀነሰ ወይም የሕክምና ወጪ ከመጣ በአንድ ገጽ ደብዳቤ አስረዱ፤ የደመወዝ ማስረጃውንና የሌላውን ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ አያይዙ። አገር ቤት ላሉ ወላጆች የሚላክ ገንዘብ በፋፍሳው ስሌት ውስጥ አይገባም፤ የሐዋላ ደረሰኝ ካለ ግን በደብዳቤው ላይ መጥቀስ ይቻላል። መቀበል የቢሮው ፈንታ ነው። «ሌላው ተጨማሪ ሰጥቶናል» ከማለት «በዓመት 6,000 ዶላር ቢቀራረብ ልጃችን እናንተ ጋ ትገባለች» ብሎ ቁጥር መጻፉ የተሻለ መልስ ያስገኛል። መልሱ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ከኤፕሪል አጋማሽ አታሳልፉት።

የመጀመሪያው ዓመት ሳይንስ

አምካስ የሚባለው የሕክምና ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ ጂፒኤውን ራሱ እንደገና ያሰላል። ከባዮሎጂ፣ ከኬሚስትሪ፣ ከፊዚክስና ከሒሳብ የተገኘውን ለብቻው አውጥቶ ለትምህርት ቤቶቹ ያሳያል። ሃይስኩል እያላችሁ በሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም በኖቫ (በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) የወሰዳችሁት የኮሌጅ ኮርስም ይገባበታል። ወድቆ የተደገመ ኮርስ ሁለቱም ውጤቱ ይቆጠራል፤ ዩኒቨርሲቲው አሮጌውን ውጤት ቢሰርዝላችሁ እንኳ አምካስ አይሰርዝላችሁም።

የመጀመሪያው ዓመት የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። በአንደኛ ዓመት 20 ክሬዲት ሳይንስ ወስዳችሁ ሁሉም ቢ ቢሆን የሳይንስ ጂፒኤ 3.0 ነው። እስከ ማመልከቻ ድረስ ሌላ 45 ክሬዲት ሳይንስ ብትወስዱ፣ ጂፒኤውን ወደ 3.6 ለማድረስ በእነዚያ 45 ክሬዲቶች 3.87 ማምጣት ያስፈልጋል። ከእነዚያ ውስጥ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ አሉበት።

ስለዚህ ሁለቱን ግቢዎች በጥቅሉ ከማወዳደር ጀነራል ኬሚስትሪን ከጀነራል ኬሚስትሪ ጋር አወዳድሩ። በአንድ ሌክቸር ስንት ተማሪ ይቀመጣል? ውጤቱ በከርቭ ነው ወይስ 90 ያመጣ ሁሉ ኤ ያገኛል? ከርቭ ሲባል አንዳንድ ቦታ ሁሉንም ከፍ ማድረጊያ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ግን ከክፍሉ ይህን ያህል በመቶ ብቻ ኤ ያገኛል የሚል ጣሪያ ነው። ሁለተኛው ዓይነት 300 ፕሪሜድ በተሰበሰበበት አዳራሽ ጓደኛን ተፎካካሪ ያደርጋል። በአንዳንድ ግቢዎች የየኮርሱ የውጤት ስርጭት በይፋ ይገኛል፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ተማሪዎች ፕላኔትቴርፕ፣ የዊስኮንሲን ማዲሰን ተማሪዎች ማድግሬድስ ላይ ያዩታል። እናንተም ገና ሳትመዘገቡ ልታዩት ትችላላችሁ። የኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ስርጭት በሁለት በሦስት ፕሮፌሰር ለይታችሁ ተመልከቱ፤ በአንድ ኮርስ ሁለት ፕሮፌሰሮች መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ካለው ይሰፋል።

የትምህርት ዘመኑ አከፋፈልም ይለያያል። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሲያትል በኳርተር ነው የሚያስተምረው፤ አንድ ኳርተር 10 ሳምንት ገደማ ስለሆነ የመጀመሪያው ፈተና በሦስተኛው ሳምንት ሊደርስ ይችላል። መረጋጊያ ጊዜ ለሚያስፈልገው ልጅ 15 ሳምንት ያለው ሴሚስተር ይሻለዋል። ኮርስ ያለ ጂፒኤ ጉዳት በ«ደብሊው» መተው የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን ከሁለተኛው ፈተና በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውንም ጠይቁ።

ሃይስኩል ውስጥ በሚወሰደው የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ፣ በኤ.ፒ. ባዮሎጂ ወይም ኬሚስትሪ፣ 5 ያመጣችሁ ከሆነ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ክሬዲት ይሰጧችኋል፤ ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ግን በኤ.ፒ. ብቻ አይረኩም፤ በዚያው መስክ ከፍ ያለ ኮርስ እንድትወስዱ ይፈልጋሉ። የሁሉም ትምህርት ቤት ሕግ ኤምሳር በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ አለ።

ስለ ነርሲንግ አንድ ቃል። ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ «ነርሲንግ ተማሪና ከዚያ ሐኪም ትሆኛለሽ» ይላል፤ ሥራ ወዲያው ስለሚገኝበት ምክሩ ክፉ አይደለም። ይሁን እንጂ ለነርሲንግ ተማሪዎች የሚሰጠው አጭር ኬሚስትሪ የፕሪሜዱን አይተካም፣ አምካስም የነርሲንግ ኮርሶችን ከሳይንስ ጂፒኤ ውጭ ይመድባቸዋል። ሁለቱን አብሮ ለመሄድ ተጨማሪ ዓመት ወይም በርካታ የክረምት ኮርስ ያስፈልጋል።

«ከአመልካቾቻችን 85 በመቶው ገብተዋል»

ይህን ዓረፍተ ነገር በየጉብኝቱ ትሰማላችሁ። በምሳሌ እንፍታው። 600 ተማሪ በአንደኛ ዓመት ፕሪሜድ ነኝ አለ። አራት ዓመት አልፎ ያመለከተው 120 ነው። የዩኒቨርሲቲው የጤና ሙያ ኮሚቴ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈው ለ70ው ብቻ ነው። ከእነሱ 60 ገቡ። 60 ለ70 ሲካፈል ከ85 በመቶ ትንሽ በላይ ይመጣል፤ ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ከ120ው ቢሰላ ግን 50 በመቶ ሆኖ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚያመለክተው ውስጥ ከሚገባው ብዙም አይርቅም ነበር። ከ600ው ብዙው ወዶ ሌላ መስክ መርጧል፤ ቀሪው ኬሚስትሪ አስወጥቶታል። የትኛው ስንት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የጤና ሙያ አመልካቾችን ለሚያማክረው ለፕሪ ሄልዝ አድቫይዘሩ ኢሜይል ጻፉና እነዚህን ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያመለከቱት ስንት ነበሩ፣ ስንቱ ኤም.ዲ. ስንቱ ዲ.ኦ. (የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና) ገቡ፣ የካሪቢያን ትምህርት ቤቶች በቁጥሩ ውስጥ አሉበት ወይ፣ ጂፒኤያቸው ከ3.4 እስከ 3.6 የነበሩት እንዴት ሆኑ፣ ኮሚቴው ደብዳቤ ለመጻፍ ዝቅተኛ ጂፒኤ ይጠይቃል ወይ። የመጨረሻው ቁልፍ ነው። ኮሚቴ ያለው ግቢ ተማሪ ሆኖ ያለ ኮሚቴ ደብዳቤ ያመለከተን ብዙ ትምህርት ቤቶች «ለምን?» ብለው ይጠይቁታል። ኮሚቴ የሌለው ግቢ ተማሪ ግን በተናጠል ደብዳቤ ያለ ችግር ያመለክታል። በአንድ ሳምንት ውስጥ በቁጥር የመለሰ አድቫይዘርና «ተማሪዎቻችን በጣም ይሳካላቸዋል» ብሎ የመለሰ እኩል አይደሉም። አንድ አድቫይዘር ስንት ተማሪ እንደሚይዝም ከመልሱ ፍጥነት ታውቁታላችሁ።

የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር (ኤ.ኤ.ኤም.ሲ.) ዓመታዊ ሰንጠረዥ ብዙ አመልካች የሚልኩ ዩኒቨርሲቲዎችን ይዘረዝራል፤ ስንቱ እንደገባ ግን አይናገርም። ትልቅ ግቢ ብዙ ይልካል፣ ያ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ጥቁር ተማሪዎችን ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት በማድረስ ለረጅም ዘመን የታወቁ አሉ፤ የሉዊዚያናው ዛቪየርና የዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዋነኞቹ ናቸው። ከሁለቱ ምርጫዎቻችሁ አንዱ እንዲህ ያለ ከሆነ በማስተማር ድጋፉ ላይ ተጨማሪ ነጥብ ስጡት።

ደብዳቤ፣ ሆስፒታልና መንገድ

አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከሁለት የሳይንስና ከአንድ የሌላ መስክ ፕሮፌሰር ደብዳቤ ይፈልጋሉ። 300 ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ በኦፊስ አወር በየሳምንቱ ካልሄዱ ፕሮፌሰሩ ከውጤት ሌላ የሚጽፈው አይኖረውም። ትንሽ ግቢ ይህን ያቀልላል። ትልቅ ግቢ በፋንታው ብዙ የምርምር ላብ አለው። ዩኒቨርሲቲው የራሱ ሕክምና ትምህርት ቤት ቢኖረው ለሻዶዊንግ (ሐኪም ተከትሎ ሥራውን ለማየት) እና ለምርምር ይጠቅማል፤ የራሱን ተማሪ ያስቀድማል ብሎ መገመት ግን አይገባም።

በካርታ ላይ ከማደሪያው እስከ ሆስፒታሉ ያለውን መንገድ በአውቶቡስ አስሉ፤ በመኪና አታስሉት፣ ምክንያቱም አብዛኛው የአንደኛ ዓመት ተማሪ መኪና የለውም። የአንድ ሰዓት መንገድ በደርሶ መልስ ሁለት ነው፤ ሦስት ሰዓት ለሚፈጅ የበጎ ፈቃድ ሥራ አምስት ሰዓት ይወጣል። ከኬሚስትሪ ላብ ጋር ማንም አይቀጥልበትም። አማርኛ አጣርቶ ለሚናገር ሌላም በር አለ፦ በዲሲ አካባቢ፣ በሚኒያፖሊስና በሲያትል ክሊኒኮች የአማርኛ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ። ለብሔራዊው ምስክር ወረቀት ዕድሜ 18፣ ሥልጠናው ቢያንስ 40 ሰዓት ነው። ይህ ከሐኪምና ከታካሚ ጋር በአንድ ክፍል ያስቀምጣችኋል፤ በሆስፒታል ኮሪደር ብርድ ልብስ ከማጠፍ በእጅጉ ይሻላል።

ከቤት እየተመላለሱ መማር በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ የማደሪያና የምግብ ወጪ ሊያድን ይችላል። ዋጋው ሌላ ቦታ ይከፈላል። ላብ ማታ ያልቃል፤ የጥናት ቡድኑ የሚገናኘው ደግሞ ከእራት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ቤት ያለ ልጅ ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት ያመጣል፣ የአያቱን ቀጠሮ ያስተረጉማል፣ ቅዳሜ እንግዳ ይመጣል። ከቤት ለመመላለስ ከተወሰነ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በሚወሰድበት ዓመት ከእነዚህ የትኛውን ሌላ ሰው እንደሚይዘው ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ አስቀድሞ ይነጋገር። «እናያለን» ከተባለ የሚይዘው ያው ልጅ ነው።

የመኖሪያ ስቴትና የመኖሪያ ወረቀት

የስቴት ሕክምና ትምህርት ቤቶች ለነዋሪዎቻቸው ያደላሉ። በቴክሳስ የመንግሥት ሕክምና ትምህርት ቤቶች ከሌላ ስቴት መቀበል የሚችሉት በአብዛኛው ቢበዛ 10 በመቶ ነው። ዲሲ ውስጥ ያሉት ሦስቱም፣ ሃዋርድ፣ ጆርጅታውንና ጆርጅ ዋሽንግተን፣ የግል ናቸው፤ የዲሲ ነዋሪ የሚያደላለት የመንግሥት ሕክምና ትምህርት ቤት የለውም። ሌላ ስቴት ሄዶ መማር በወላጅ ሥር ያለን ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጆቹ ስቴት ነዋሪነት አያስወጣውም፤ በተማረበት ስቴት ነዋሪም አያደርገውም።

ብዙ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለውን ብቻ ነው የሚቀበሉት። ወረቀቱ ገና በሂደት ላይ ያለ፣ ወይም በኤፍ 1 (በተማሪ) ቪዛ የመጣ ተማሪ፣ በኤምሳር የሚቀበሉትን ለይቶ ሳያይ ውዱን ግቢ ባይመርጥ ይመረጣል።

ስትጎበኙ

ቅዳሜ ለተቀባዮች የሚደረገው ድግስ ለፎቶ ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሂዱና ፈቃድ ጠይቃችሁ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ክፍል ተቀመጡ። ከዚያ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ሁለት ተማሪ አግኙ፤ የኢትዮጵያና ኤርትራ ተማሪዎች ማኅበር ካለ በዚያ በኩል ይቀላል። «ግቢው እንዴት ነው?» ካላችሁ «ደስ ይላል» ትባላላችሁ። ይልቅ የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፈተና አማካይ ስንት እንደነበር፣ ነፃ ቱተሪንግ ከፈተና በፊት ባለው ሳምንት ቦታ ይገኝበት እንደሆነ፣ ኮርስ ሞልቶበት የዘገየ ያውቁ እንደሆነ፣ ደብዳቤ የሚጽፍላቸውን ፕሮፌሰር ስም መጥራት ይችሉ እንደሆነ ጠይቁ። ከሁለቱ ፕሮግራሞች አንዱ ኦነርስ ኮሌጅ (በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ላቅ ላሉ ተማሪዎች የተለየ ፕሮግራም) ከሆነ ቅድሚያ ምዝገባ ይሰጥ እንደሆነ አጣሩ፤ ከስያሜው ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ውሳኔው ላይ ስትደርሱ የአራት ዓመቱ ልዩነት ከ40,000 ዶላር በላይ ከሆነ፣ በእኛ ግምት ርካሹን የማይመርጥ ሰው በግልጽ የሚናገረው ምክንያት ሊኖረው ይገባል፦ የተሻለ የሳይንስ ድጋፍ፣ ለሆስፒታል መቅረብ፣ ወይም ሐኪምነቱ ቢቀር የሚፈለግ ሌላ መስክ መኖሩ። «ስሙ ትልቅ ነው» ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ልዩነቱ ከዚያ ካነሰ ልጁ ወይም ልጅቷ የበለጠ የሚተኙበትን፣ የሚበሉበትንና የሚያጠኑበትን ይምረጡ፤ ያን ደግሞ ከወላጅ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

ዲፖዚቱን ከሜይ 1 በፊት ክፈሉ፤ የማደሪያው ዲፖዚት ለብቻው ስለሆነ ቀኑን አትርሱት። ያልመረጣችሁትን ግቢ በፖርታሉ በኩል ወዲያው አሳውቁ፤ ተጠባባቂ ላይ ያለ ሌላ ልጅ ቦታውን ይጠብቃል። ከዚያም የመጀመሪያውን የኦሪየንቴሽን ቀን ያዙ። የሒሳብ ምደባ ፈተናውን ቀድማችሁ ካልወሰዳችሁ ኬሚስትሪ መመዝገብ የማይፈቀድባቸው ግቢዎች አሉ፤ በኦገስት የሚመዘገብ ደግሞ የሚያገኘው ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚጀምረውንና ማንም ያልፈለገውን ሴክሽን ነው።